የቤተሰብ መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ልትገዙ እንዳሰባችሁ ለሰው ስትናገሩ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ገበያ ያለው ይሁን" የሚል ነው። ቪትዝ ግዛ፣ ነገ ብትሸጠው አትከስርም። ኮሮላ ግዢ፣ ወርቅ ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እኛ ጋ መኪና ንብረት ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሀብት። ግን ሁለት ልጅ ካላችሁ፣ ሦስተኛው ከተረገዘ፣ እናታችሁ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቤት ቁጭ ማለት የማይሆንላችሁ ሰዎች ከሆናችሁ፣ የምትሸጡበትን ቀን ብቻ አስባችሁ የገዛችሁት መኪና እስከዚያ ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት ያጨቃጭቃችኋል።

እኔ የቤተሰብ መኪና የሚመረጠው ከኋላ ወንበሩ ነው ባይ ነኝ። ሞተሩ፣ ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ የመሸጫ ዋጋው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሳምንታችሁን ወረቀት ላይ አውርዱት

ደላላ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ያለፈውን ሳምንት ጻፉ። ማን የት ሄደ፣ ስንት ሰው ተሳፈረ፣ ምን ተጫነ። ካዛንቺስ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ጠዋት ልጆች አራት ኪሎ ትምህርት ቤት ይወርዳሉ፣ እናት ሜክሲኮ ቢሮ ትገባለች። ማክሰኞና ሐሙስ ትልቁ ልጅ የኳስ ልምምድ አለው። ቅዳሜ መርካቶ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ከዚያ ከነብስክሌቱ እንጦጦ ፓርክ። በወር አንዴ ቢሾፍቱ፣ ወይ ደግሞ አያት ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን። በዓል ሲመጣ በግ፣ ሽንኩርት በከረጢት፣ ጤፍ በኩንታል።

አሁን ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። በየሳምንቱ የሚሆነው አንድ ቦታ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚሆነው ሌላ ቦታ። መኪና የሚገዛው ለመጀመሪያው ነው። ለሰርግና ለለቅሶ ዘመድ ሁሉ የሚንቀሳቀስበት ቀን አባዱላ በኮንትራት ይያዛል። ለበግም ቢሆን እንዲሁ፤ በዓመት ሁለቴ ለሚመጣ በግ ብሎ ፒካፕ የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ ልጆቹ የቀረውን ዓመት ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የሚሄዱት።

ከዚያ ወደፊት እዩ። ብዙ ሰው መኪናውን አምስት ስድስት ዓመት ይይዘዋል። ዛሬ የአራት ዓመት የሆነችው ልጅ ያኔ አስር ይሞላታል፣ እግሯ ይረዝማል፣ ጓደኞቿን አስከትላ ትመጣለች። አሁን "ይበቃናል" የምትሉት ወንበር ያኔ ይጠባል።

የኋላውን በር ክፈቱ

ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ሊያሳያችሁ ሲቸኩል እናንተ የኋላውን በር ክፈቱ። መኪና ለማየት ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ልጆቹን፣ የሕፃኑን ወንበር፣ ጋሪውን፣ ከተቻለም እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው፣ ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ የሕፃኑን ወንበር ግጠሙ። በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል እጃችሁን ስትከቱ በዳርና ዳሩ መቀመጫ ሁለት ሁለት የብረት ቀለበት ካገኛችሁ አይሶፊክስ አለው ማለት ነው፤ ወንበሩ እዚያ ላይ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከሌለው በቀበቶ ይታሰራል፤ ችግር የለውም፣ ግን የቀበቶው ርዝመት እንደሚደርስና ወንበሩ ስትገፉት እንደማይወዛወዝ አረጋግጡ። የጨቅላ ሕፃን ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፣ ቢያንስ ዓመት ከሩብ እስኪሞላው ድረስ። ይህ ወንበር ቁመት ይበላል። ስለዚህ ረጅሙ ሰው ሹፌር ቦታ ላይ እንደሚነዳው ሆኖ ይቀመጥ፣ ከእሱ ኋላ ወንበሩ ይገጠም። የአባት ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር ከተጋጨ መኪናው ለእናንተ አይደለም፤ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ይሁን።

እግረ መንገዴን፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ካለው የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አይደረግም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ፣ በእሱም በኩል የሕፃኑን ጭንቅላት ነው። ሕፃን ታቅፎ ፊት መቀመጥም በከተማችን የተለመደ ቢሆንም ያው አደጋ ነው።

ሦስት ልጅ ካለ ወይም ከታሰበ ሜትር ያዙ። አንድ የልጅ ወንበር ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ43 እስከ 45 ሳንቲሜትር ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ከበር እስከ በር ያለውን ስፋት በትከሻ ልክ ለኩ፤ ትንንሾቹ መኪኖች ላይ ይህ አይገባም፣ ቢገባም በሩ እየተገፋ ነው የሚዘጋው። መሀል ላይ ያለውን ቀበቶ ደግሞ ሳቡት። አሮጌ ሞዴሎች ላይ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወንበሩ በልብስ ተሸፍኖ ቀበቶው ከሥር ተቀብሯል። የሌለ ቀበቶ ማለት የሌለ መቀመጫ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን መኪና አራት ሰው ጫኝ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

እማማን አስገቧቸው፣ አስወጧቸው። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ዝቅ ያለ መኪና ላይ መግባቱ ይቀላል፤ ፈተናው መውጣቱ ላይ ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ከሱዙኪ ዲዛየር የኋላ ወንበር ሲነሳ እዩት። በጣም ከፍ ያለው ደግሞ መወጣጫ ይፈልጋል። ጥሩው ቁመት መቀመጫው ከሰውየው ዳሌ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ራቭፎርና አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ በኩል ያስደስታሉ።

በመጨረሻ የኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን የልጆች መቆለፊያ ሞክሩ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ቸርቸር ጎዳና ላይ በር የሚከፍት የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይረዳኛል።

ሰባት ሰው ይጭናል ሲባል

ኤርቲጋ፣ አቫንዛ፣ የቮልስዋገኑ ኤሌክትሪክ አይዲ6፣ ሁሉም ሰባት መቀመጫ አላቸው። ግን ሦስተኛው ረድፍ ሲነሳ ለዕቃ የሚቀረው ቦታ ጥቂት ቦርሳ የሚያስቆም ነው። ማለትም ሰባት ሰው ወይም ዕቃ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አትጠብቁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዋቂ ሰው አስቀምጡና በሩን ዝጉ። አስር ደቂቃ ተቀምጦ ይንገራችሁ። ለልጆች ግን ይሆናል፣ በተለይ የጎረቤት ልጆችን ተራ በተራ ለምታደርሱ ሰዎች ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሌላው የሚረሳው ክብደት ነው። መቀመጫ መኖሩና መኪናው ያንን ሁሉ መሸከሙ ይለያያል። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ የምታዩት ወረቀት የጎማውን ንፋስ ባዶና ሙሉ ሲሆን ለያይቶ ይነግራችኋል፤ አንዳንዱ ላይ የመጫን አቅሙም አለ። ለቢሾፍቱ ጉዞ ቤተሰቡ ሙሉ ሆኖ ሲነሳ ያንን ቁጥር ለጎሚስታው አሳዩት።

ብዙ ጊዜ ዕቃ ጠበበን ብለው ትልቅ መኪና ለሚያስቡ ሰዎች ርካሹ መፍትሔ ፖርቶመጋላ ነው። ብስክሌትና ድንኳን ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ትንሽ መኪና ትነዳላችሁ። እዚህ ላይ ዲዛየር ይጠቀሳል። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ99.5 ሳንቲሜትር ነው፤ ህንድ ውስጥ ከ4 ሜትር በታች የሆነ መኪና ታክሱ ስለሚቀንስ ሆን ተብሎ በዚያ ልክ ተሠራ። ያም ሆኖ የ2017 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ 378 ሊትር የዕቃ ቦታ አለው፣ የታጠፈ ጋሪና የሳምንት አስቤዛ ይይዛል። ሁለት ልጅ ላለውና ከዚያ በላይ ለማያስብ ቤተሰብ፣ ብዙ የሚነቀፍ መኪና አይደለም።

ዳገቱ ይፍረድ

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 80 ገደማ ነው። 1,000 ሲሲ ቪትዝ አንድ ሰው ይዞ ፒያሳ ሲወጣ ምንም አይመስልም። አምስት ሰው፣ ጋሪና ኳስ ይዞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲያቀና ግን ሌላ መኪና ይሆናል።

ስለዚህ ሙከራ ስትነዱ ሻጩ በመረጠላችሁ ሜዳ ላይ አትነዱ። ቤተሰቡን ሙሉ አሳፍራችሁ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ውጡ። የሙቀት መለኪያውን እዩ፤ መሀል ላይ መቆም አለበት። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ሲቀያየር እንደሚንገጫገጭ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው እንደማይሄድ ልብ በሉ፤ ካምቢዮው አርጅቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ የካምቢዮ ጥገና ደግሞ ኪስ ይቀዳል። ማንዋል ከሆነ ዳገት ላይ ቁሙና እንደገና ተነሱ፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ታች ስትደርሱ ፍሬኑ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠልቆ የሚገባ ከሆነ ጋራዥ ሳይታይ አትግዙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ዳገት ላይ አየር አያስፈልገውም፤ ጉልበቱ አዲስ አበባም አዳማም አንድ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑንም ይቆጥባል። እንጦጦ ለሚመላለስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከሥር ያለውን ክፍተትም ተመልከቱ። ዲዛየር ከመሬት 163 ሚሊሜትር፣ ኤርቲጋ 180 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ይሄ ባዶ ሲሆኑ ነው። አምስት ሰው ሲገባ ይወርዳል። ዋናው መንገድ አሁን አምሮበታል፣ ወደ ሰፈር ስትገቡ ያለው ኮብልስቶን፣ ጉብታና የክረምት ጎርፍ ግን አሁንም እዚያው ነው። ሙሉ ሆናችሁ በራሳችሁ ሰፈር ጉብታ ላይ እለፉ። ሆዱ ከፈተገ መልሱን አገኛችሁ።

ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ስለዚህ አሁን ለአብዛኛው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ የነዳጅ መኪና፣ ወይም የኤሌክትሪክ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሌሊት የት ታሳድራላችሁ? ግቢ ካላችሁና የራሳችሁ ቆጣሪ ካለ ኤሌክትሪክ ውሰዱ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁና መኪናው የሚያድረው ከብሎኩ ፊት ባለቤት የሌለው ሜዳ ላይ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውርዶ ቻርጅ ማድረግ ሲደረግ አይቻለሁ። አታድርጉት። ያ ቀጭን ገመድ ሰዓታት ሙሉ ያንን ያህል ኃይል እንዲሸከም አልተሠራም፣ ይግላል፣ ዝናብም አለ።

ሒሳቡን እንየው። ከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ 7 ወይም 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ተራው የ220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ይህንን በአራት ሰዓት ገደማ ይመልሰዋል። ባዶ የሆነ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ግን በዚያው ሶኬት ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል፤ በ7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር ሌሊቱን ያድርና ጠዋት ሙሉ ነው። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በከተማ አነዳድ ሳምንት ያህል ያቆያል፤ አንድ ሁለት ቀን መብራት ቢጠፋ ከነዳጅ ሰልፍ የባሰ አይሆንም።

ረጅም ጉዞ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከቻይና ለመጣ መኪና የሚነገራችሁ ኪሎ ሜትር በቻይና መለኪያ ነው፤ ሩብ ያህሉን ቀንሱለት። ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ለማንኛውም ቀላል ነው። አዳማም በፈጣን መንገዱ ሄዶ መምጣት ይቻላል፣ ሆኖም መልሱ ዳገት መሆኑን አስቡ፤ አዳማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ 2 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ይበላል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በትንሹ ባትሪ ከሄዳችሁ እዚያ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ፣ "እግዜር ያውቃል" ብላችሁ ከልጆች ጋር አትውጡ።

የሶኬቱን ዓይነትም ጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ የሚባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ2 የሚባለውን ይጠቀማሉ። የመረጣችሁት መኪና ሰፈራችሁ አቅራቢያ ባለው ቻርጅ ማድረጊያ ላይ እንደሚሰካ ሄዳችሁ ሞክሩ። ስክሪኑ ቻይንኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን ሻጩ ፊታችሁ ያሳያችሁ፤ "በኋላ ይደረጋል" የሚለውን አትቀበሉ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብቡ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር ግምት ስለሆነ አይበቃም። ዋስትና አለው ከተባለ ማን ነው የሚሰጠው፣ አስመጪው ወይስ ፋብሪካው? በጽሑፍ ይሁን።

ጎማ ላይም ተዘጋጁ። አይዲ4 እና አይዲ6 ከ2 ቶን በላይ ይመዝናሉ፣ ጎማ ቶሎ ይጨርሳሉ፣ መጠኑም እንደ ቪትዝ ጎማ በየሱቁ አይገኝም። ስኮርት ጎማ መኖሩንም እዩ፤ ብዙዎቹ ላይ የለም፣ በቦታው ትንሽ የንፋስ መሙያና የማሸጊያ ፈሳሽ ነው ያለው።

በራችሁ ያስገባዋል?

ይቺን ሰው ይዘላታል። የድሮ ሰፈር ግቢዎች በራቸው ጠባብ ነው፣ አንዳንዱም ከበሩ ፊት ወዲያው መታጠፊያ አለ። አይዲ6 ርዝመቱ 4 ሜትር ከ88፣ ስፋቱ መስታወቱ ሳይቆጠር 1 ሜትር ከ85 ነው። ቪትዝ በወርዱ ከዚህ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይጠባል፣ በርዝመት ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ያጥራል። የበሩን ስፋት ለኩ፣ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ አንድ ስንዝር ጨምሩ። ግቢ ውስጥ ከቆመ በኋላ የኋላ በሮቹ ምን ያህል ይከፈታሉ? ሕፃን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ በሩ በደንብ መከፈት አለበት።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ጎዳናዎች ተቀይረዋል፣ ድሮ ዳር ይዘን እናቆም የነበረበት ቦታ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። አሁን እንደ መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ዓይነት ፓርኪንግ እየገባችሁ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ጉዳያችሁ ጋሪ መግፋት ነው። ትልቅ መኪና እዚያ ውስጥ ማዞር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የኋላ ካሜራ ያለው ምረጡ፣ በተለይ ግቢ ውስጥ የሚሯሯጥ ትንሽ ልጅ ካለ።

ያገለገለ ከሆነ

የጃፓን ቪትዞች መጀመሪያ ሲሠሩ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ጋ የደረሱት መሪያቸው ተዛውሮ ነው። የተዛወረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ግን መታየት አለበት። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩና ሳሎኑ መካከል ያለውን ቆርቆሮ ተመልከቱ፤ የብየዳ ጠባሳ፣ ያልተደፈነ ቀዳዳ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ካለ ሥራው ሸፍጥ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ኤርባጉም እንደዚያው። ማታ ደግሞ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ መብራቱን አብሩ፤ ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት ጨረሩን ወደ ግራ ከፍ ያደርጋል፣ እኛ ጋ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

ከዚያ በኋላ መካኒክ ውሰዱ። የራሳችሁን፣ ደላላው "የማውቀው ልጅ አለ" ያላችሁን አይደለም። ዱኮ የተቀባ ቦታ፣ የተቀየረ ሻንሲ ቁጥር፣ የሚያፈስ ዘይት፣ ያበቃ አሞርዛተር እሱ ያያል። እናንተ ደግሞ ሶማሌ ተራ ብቅ በሉና የፊት መብራት፣ የፍሬን ሸራና ፓራውልት ዋጋ ጠይቁ። የነዚህ ሦስት ነገሮች ዋጋ የመኪናውን የነገ ወጪ ከማንም በላይ ይነግራችኋል። "ገበያ ያለው ይሁን" የሚሉት ሰዎች እውነት ያላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ቶዮታና ሱዙኪ ዕቃቸው ሞልቷል፣ መካኒኩም በቃሉ ያውቃቸዋል።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው ስም ሻጩ መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ እንደሚፈቅድና እንዳልተሻረ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አጣሩ። መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ጠይቁ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ያ ገንዘብ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ይፈርሙ፤ ያላገባም ከሆነ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ለደላላው ስንት እንደሚከፈልና ማን እንደሚከፍል ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ ግርግር ነው።

ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን እዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለ እሱ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ልጆች ለሚጭን መኪና ግን ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ፣ ውሉ ላይም ተሳፋሪ ቤተሰብ መሸፈኑን በጣታችሁ እያሳያችሁ አስነብቡት፤ ብዙ ጊዜ ለብቻ የሚጨመር ነው። ዋጋውን መኪናው ከመገዛቱ በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ለአንዳንድ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች የሚጠየቀው አረቦን ከጠበቃችሁት ሊበልጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ በየዓመቱ የሚከፈል ነው።